ርካሽ ከተማ የለም፦ ሚንያና የርቀት ሥራ ተስፋ

የርቀት ሥራ፣ ማለትም ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ርቆ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት የሚያከናውነው ሥራ፣ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በየአገሩ ሲስፋፋ አንድ አስተያየት አብሮት ሥር ሰዷል። አስተያየቱ ሲጠቃለል እንዲህ የሚል ነው፦ ሥራ ከቦታ ጋር የነበረው ቁርኝት ስለተበጠሰ፣ ደመወዙን በዶላር ወይም በዩሮ የሚያገኝ ሰው ኑሮ ወደሚረክስበት ከተማ ቢዛወር በአገሩ ያላገኘውን ምቾት ያገኛል፤ የተቀበለችው ከተማም ይዞት በሚመጣው የውጭ ምንዛሪ ትጠቀማለች፤ በመሆኑም ሁለቱም ያተርፋሉ እንጂ የሚከስር የለም። በዚህ ረገድ የግብፅ ስም ደጋግሞ ይነሣል። በሲና ልሳነ ምድር ያለችው ዳሃብና በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለችው ኤል ጉና የርቀት ሠራተኞች መሰባሰቢያ ሆነው ከቆዩ በኋላ፣ ጸጥታና ዝቅተኛ የቤት ኪራይ የሚሹ ሰዎች ጎብኚ ያልበዛባቸውን የክፍለ ሀገር ከተሞች እንዲመርጡ ይመከራሉ።

ምክሩ የሚያጓጓ ቢሆንም የተመሠረተበት ሐሳብ ስሕተት ነው። ርካሽነት እንደ አየር ጠባይ ከተማዋ በተፈጥሮዋ የያዘችው ባሕርይ ሳይሆን በሁለት ሰዎች ገቢ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ቦታም ቢሆን አልተሻረም፣ ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። የርቀት ሥራ ለክፍለ ሀገር ከተማ ይበጃል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው የከተማዋ ተወላጅ ሳይሰደድ መሥራት ሲችል ብቻ ነው፤ እንግዳው በርካሽ መኖሩ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ለማሳየት ሚንያን በቅርብ መመልከት ይበቃል።

ሚንያ ከካይሮ በስተደቡብ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ በስሟ የሚጠራው ሙሐፈዛ፣ ማለትም የግብፅ ጠቅላይ ግዛት፣ ዋና ከተማ ናት። ግብፆች ደቡባዊውን የአገራቸውን ክፍል ሰዒድ ስለሚሉት ከተማዋን የሰዒድ ሙሽራ እያሉ ያሞካሿታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን በጽጌ ጾም ፍጻሜ በኅዳር 6 የሚያከብሯት ቁስቋም በስተደቡብ በሚጎራበታት በአስዩት ጠቅላይ ግዛት ስትሆን፣ ቅዱሳኑ ስደተኞች ማርያምና ሕፃኑ ኢየሱስ አርፈውበታል የሚባለው ጀበል አል ጠይር ደግሞ በራሱ በሚንያ ግዛት ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ አካባቢው ለአማርኛ አንባቢ በስም ባይታወቅም በትውፊት ባዕድ አይደለም። በ2017 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ከኅዳር 6 በዓል በቀር ያሉት ዘመናትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጠቅላይ ግዛቱ ነዋሪ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ብዙው ሕዝብ በእርሻ የሚተዳደር ሲሆን፣ በ2017/18 በወጣው የመንግሥት የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት መሠረት ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር፤ በዚያው ጥናት የአገር አቀፉ መጠን 32.5 በመቶ ነበር። ከተማዋ በ1976 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻና ከካይሮ ወደ አስዋን የሚዘልቀው የባቡር መሥመር አላት። ለርቀት ሠራተኛ ትመቻለች የሚያሰኟት ነገሮች እነዚሁ ናቸው፤ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ግን ርካሽነቷ ነው።

ይህ ርካሽነት ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው መልሱን ከሚንያ ገበያ ይልቅ ከካይሮ ማዕከላዊ ባንክ ያገኘዋል። በማርች 2022 መባቻ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ16 የግብፅ ፓውንድ ገደማ ነበር። ከተከታታይ የተመን ቅነሳዎች በኋላ ማዕከላዊ ባንኩ ማርች 6 ቀን 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ ዶላሩ ከ31 ፓውንድ ገደማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ወደ 50 ተጠጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዶላር የሚከፈለው ሰው አንዲት ተጨማሪ ሰዓት ሳይሠራ በፓውንድ የሚቆጠረው ገቢው ሦስት እጥፍ ገደማ ሲሆንለት፣ በፓውንድ የሚከፈለው መምህር፣ ነርስ ወይም የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ግን በሴፕቴምበር 2023 ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 38 በመቶ ሲደርስ በያዘው ደመወዝ የሚገዛው ነገር ከወር ወር እየቀነሰ ሄዷል። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል በ5 ቂርሽ ሲሸጥ የኖረው የድጎማ ዳቦ በጁን 2024 ወደ 20 ቂርሽ ከፍ ብሏል፤ ቂርሽ የፓውንድ አንድ መቶኛ ነው። ለእንግዳው ይህ ጭማሪ የማይታይ ሽርፍራፊ ሲሆን፣ በቀን ሃያ ዳቦ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ወጪው በአራት እጥፍ ማደጉ ነው።

በሌላ አነጋገር፣ ለአንዱ ርካሽ የሆነው ነገር ለሌላው በተወደደበት በዚያው ቅጽበትና በዚያው ምክንያት የረከሰ ነው። ከማርች 2025 ጀምሮ የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ 7,000 ፓውንድ እንዲሆን ሲወሰን በጊዜው ምንዛሪ 140 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር፤ በዚህ ገንዘብ ወሩን ለሚገፋ የሚንያ ነዋሪ ከተማዋ ርካሽ ናት ብሎ ማስረዳት የሚችል ሰው የለም። ኢትዮጵያውያን ይህን ስሌት ከመጽሐፍ መማር አያስፈልጋቸውም፤ በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለትና የማይላክለት ጎረቤታም በአንድ ገበያ ላይ እንዴት ሁለት ዋጋ እንደሚያይ በየቤቱ ይታወቃል። ስለዚህ ሚንያን በርካሽነቷ ማወደስ የአንድን ሕዝብ የመግዛት ዐቅም መውደቅ እንደ መስተንግዶ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው የአስተያየቱ ምሰሶ ቦታ ተሽሯል የሚለው ነው፤ ይህም በኤሌክትሪክና በኢንተርኔት ሲፈተን አይቆምም። በ2023 እና በ2024 የበጋ ወራት ግብፅ ለኃይል ማመንጫዎቿ የሚሆን የተፈጥሮ ጋዝ ስላጠራትና ሙቀቱ ፍጆታውን ስላናረው መንግሥት መብራትን በፈረቃ ሲያጠፋ ቆይቷል። ፈረቃው አንድና ሁለት ሰዓት ይወስድ የነበረ ሲሆን በጁን 2024 ማብቂያ ሦስት ሰዓት የደረሰበት ጊዜ ነበር። የባሕር ዳርቻ የቱሪስት ከተሞች ከፈረቃው ነፃ ሲደረጉ የክፍለ ሀገር መኖሪያ ሰፈሮች ግን በየተራቸው ጨልመዋል። የነገሩ ግጭት ይበልጥ የታየው በኦገስት 2023 ነው፤ መንግሥት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል ከሕዝብ ጋር በቀጥታ የማይገናኙ የመንግሥት ሠራተኞች እሑድ እሑድ ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ አዘዘ፣ በዚያው ወር ግን የእነዚያው ሠራተኞች ቤት መብራት በፈረቃ ይጠፋ ነበር። የርቀት ሥራ ቦታን እንደማይሽር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል፤ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው የነበረውን የመብራት፣ የማቀዝቀዣና የመሥመር ወጪ ወደ ሠራተኛው ቤት አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

የኢንተርኔቱም ነገር ከዚህ አይለይም። በግብፅ የቤት ውስጥ መደበኛ ኢንተርኔት በወርኃዊ ኮታ ይሸጣል፤ ለብዙ ቤተሰቦች መነሻ የሆነው ጥቅል 140 ጊጋባይት ሲሆን፣ ኮታው ከወሩ በፊት ሲያልቅ ሌላ መግዛት ወይም ጥቅሉን አስቀድሞ ማደስ ግድ ነው። ልጆች በሚማሩበትና ቤተሰቡ ፊልም በሚያይበት ቤት ውስጥ በቀን ለብዙ ሰዓት በቪዲዮ የሚሰበሰብ ሠራተኛ ይህን ጥቅል ከወሩ አጋማሽ ማሻገር ያቅተዋል። ከዚያ በላይ ያለው ችግር መረቡ የተዘረጋበት ሥርዓት ነው። ጁላይ 7 ቀን 2025 በካይሮ እምብርት ራምሲስ ሴንትራል በተባለው የቴሌኮም ማዕከል የተነሣው እሳት 4 ሠራተኞችን ገድሎ የአገሪቱን የኢንተርኔት አገልግሎት ከተለመደው ወደ 62 በመቶ ገደማ ዝቅ አደረገው፤ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ክፍያ አገልግሎቶች ታወኩ፣ የአክሲዮን ገበያውም በማግስቱ ግብይቱን አቋረጠ። በክፍለ ሀገር ተቀምጦ ከዋና ከተማው ነፃ ወጥቻለሁ የሚል ሠራተኛ ኑሮው በካይሮ ካለ አንድ ሕንፃ ጋር የታሰረ መሆኑን ያ ቀን አሳይቷል።

በእንግዳው ላይ የሚደርሰው ሌላ የቦታ ግዴታ ደግሞ አለ። ሚንያ በ1990ዎቹ በመንግሥትና በታጣቂ እስላማዊ ቡድኖች መካከል ግጭት ከተካሄደባቸው የላይኛው ግብፅ አካባቢዎች አንዷ ስለነበረች፣ የውጭ አገር ጎብኚዎችን በፖሊስ ማጀብ ለረጅም ዓመታት የተለመደ አሠራር ሆኗል። በዳሃብ ጎዳና ማንም ሳያየው የሚመላለስ ሰው በሚንያ የት እንዳደረና ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል። ይህን እንደ ችግር ብቻ ማየት አይገባም፤ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ እንግዳ የቤተሰብ፣ የሰፈርና የመንግሥት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ላፕቶፑን ዘርግቶ በየትም ቦታ በእኩል ይሠራል የሚባለው ቦታ አልባ ሠራተኛ በምክሩ ውስጥ እንጂ በሚንያ ውስጥ እንደሌለ ያረጋግጣል።

የተቃራኒው ወገን ብርቱ መከራከሪያ ገንዘብ ምንጊዜም ገንዘብ ነው የሚለው ነው። እንግዳው ለአከራይ፣ ለምግብ ቤት፣ ለታክሲና ለልብስ ሰፊ የሚከፍለው ፓውንድ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ በከተማዋ ይዞራል፤ በውጭ የሚሠሩ ግብፃውያን የሚልኩት ገንዘብ ለአገሪቱ ከዋና ዋናዎቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ከሆነ፣ የርቀት ሠራተኛው ዶላርስ ለምን ይናቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእነዚህ ሁለት ገንዘቦች መንገድ ግን አንድ አይደለም። ከኩዌት ወይም ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚላከው ሐዋላ ወደ ቤተሰብ የሚገባ በመሆኑ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የወላጅ ሕክምና፣ የቤት ግንባታና የእህት ትዳር ይሆናል፤ ላኪው በርቀት ቢኖርም የሚሰበሰበው ወደዚያው ነው። የእንግዳው ወጪ በአብዛኛው የሚያርፈው በቤት ኪራይ ላይ ሲሆን፣ ኪራይ ደግሞ ለአንዱ ገቢ ሲሆን ለሌላው ዕዳ የሚሆን ነገር ነው።

ጊዜው ይህን ጉዳይ ይበልጥ ያከብደዋል። በኦገስት 2025 የጸደቀው ሕግ ቁጥር 164/2025 ለአሥርት ዓመታት በአሮጌ ውል በዝቅተኛ ኪራይ የኖሩ ተከራዮች የመኖሪያ ቤት ውል ከ7 ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ እንዲያበቃ ወስኗል። አከራዮች ለዘመናት የተነፈጉትን ተገቢ ኪራይ መጠየቃቸው ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በደመወዙ ቤት የሚፈልገው ወጣት ሙሽራ በዚሁ ገበያ ውስጥ በዶላር ከሚከፍል እንግዳ ጋር እንዲሻማ ማድረግ ለከተማዋ ጥቅም ነው ማለት አይቻልም። ጥቂት እንግዶች የሚንያን የኪራይ ገበያ አይገለብጡትም ቢባል እውነት ነው፤ ጥቂት ከሆኑ ግን ከተማዋን ያበለጽጋሉ የሚለው ተስፋም በዚያው ልክ ይሟሟል። ጥቅማቸው ሲነገር ብዙ፣ ጉዳታቸው ሲነገር ጥቂት የሚሆኑበት ስሌት ሊኖር አይችልም።

ከውጭ በሚገባ ገቢ ላይ ብቻ የቆመ ከተማ ምን እንደሚደርስበት የሚንያ ምድር ራሱ ያስተምራል። ከከተማዋ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ቴል ኤል ዐማርና፣ ፈርዖን አኬናተን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባዶ መሬት ላይ ያቆመው ዋና ከተማ ፍርስራሽ ነው። በ1887 እዚያ የተገኙት ከ300 በላይ የሸክላ ጽሑፎች የግብፅ ቤተ መንግሥት ከባቢሎን፣ ከሚታኒና ከከነዓን ገዥዎች ጋር በአካድኛ ቋንቋ ያደረጋቸውን የደብዳቤ ልውውጦች ይዘዋል፤ ሩቅ ካለ ወገን ጋር በጽሑፍ ሥራ ማካሄድ አዲስ ግኝት አለመሆኑን ይመሰክራሉ። ከተማዋ ግን ከሁለት አሥርት ዓመታት ብዙም አልዘለለችም፤ ንጉሡ ሞቶ ቤተ መንግሥቱ ሲነሣ ጸሐፊውም፣ አንጥረኛውም፣ ጋጋሪውም ተከትሎ ሄደ። ገቢዋ ሁሉ ከአንድ ቤተ መንግሥት ይፈልቅ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ የሚያቆያት የራሷ ነገር አልነበራትም። በእንግዳ ደመወዝ ላይ ተስፋ የሚጥል የክፍለ ሀገር ከተማም ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም፤ ምንዛሪው ሲለወጥ ወይም ሌላ ከተማ ሲረክስ እንግዳው ሻንጣውን ዘግቶ ይሄዳል።

የርቀት ሥራ ትርጉም ያለው ለውጥ የሚሆነው አቅጣጫው ሲገለበጥ ነው። ሚንያ ለዘመናት ልጆቿን ስትሰጥ የኖረች ምድር ናት፤ የግብፅ የሴቶች መብት ንቅናቄ ቀዳሚ መሪ ሁዳ ሻዕራዊ በ1879 በሚንያ፣ ደራሲውና የትምህርት ሚኒስትሩ ጣሃ ሁሴን በ1889 በዚያው ግዛት በመጋጋ አቅራቢያ ተወለዱ፤ ሁለቱም ስማቸውን የተከሉት በካይሮ ነው። ስምና ሀብት የሌላቸው ተራ ልጆቿ ደግሞ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ሊቢያ ሄደዋል። በፌብሩዋሪ 2015 በሊቢያ የባሕር ዳርቻ በእስላማዊ መንግሥት ታጣቂዎች ከተሠዉት 21 ክርስቲያኖች 20ዎቹ ግብፃውያን ሲሆኑ፣ 13ቱ የመጡት በሚንያ ግዛት በሳማሉጥ ወረዳ ከምትገኘው ከአል ዑር መንደር ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው አገር በዚያው ቡድን የተሠዉት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ስለነበሩ የዚህ ሐዘን ትርጉም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። እነዚህን ወጣቶች ወደ ሞት የወሰዳቸው መንገድ የተጀመረው በመንደራቸው ሥራ በማጣት ነው። ለሚንያ የርቀት ሥራ ጥያቄ እንግዳው ስንት ዶላር ያመጣል የሚለው ሳይሆን የአል ዑር ልጅ ድንበር ሳይሻገር የውጭውን ገበያ መድረስ ይችላል ወይ የሚለው መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ለዚህ ጅምር አለ። የግብፅ የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ክሪኤቲቫ የተባሉ የቴክኖሎጂ ማሠልጠኛና የጋራ መሥሪያ ማዕከላትን ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በማቀናጀት ከፍቷል፤ ከእነዚህ አንዱ በሚንያ ነው። ሕግ ቁጥር 6/2025 ደግሞ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ ያልበለጠ ድርጅቶችንና ነፃ ሙያተኞችን፣ በተለምዶ ፍሪላንሰር የሚባሉትን፣ በቀላል ግብር ወደ መደበኛው ሥርዓት ለማስገባት ወጥቷል። በቤተሰብ ልማድ ምክንያት ብቻዋን ወደ ካይሮ ሄዳ መኖር የሚከብዳት የሰዒድ ምሩቅ ሴትም፣ ኢንተርኔቱና መብራቱ ካልከዳት፣ በወላጆቿ ቤት ሆና ለሌላ አገር ደንበኛ መተርጎም፣ ሒሳብ መሥራት ወይም ፕሮግራም መጻፍ ትችላለች። በእንግዳውና በእሷ መካከል ያለው ልዩነት በገቢ መጠን የሚለካ አይደለም፤ እሷ የምታገኘው ገንዘብ እንደ ሐዋላ በቤተሰብ ውስጥ ይቀራል፣ ሙያዋ ለታናናሾቿ ይተላለፋል፣ ምንዛሪ ቢለወጥም ሰፈሯን ጥላ አትሄድም።

የሚንያ ተወላጅም በዶላር ሲከፈለው ከጎረቤቱ በላይ መግዛት ስለሚችል ያው ልዩነት ይፈጠራል የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ ይፈጠራል። ነገር ግን የዚያ ልዩነት ባለቤት ግብር የሚከፍልበት፣ ልጆቹን የሚያስተምርበትና መብራት ሲጠፋ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ አቤት የሚልበት ቦታ ሚንያ ስለሆነ፣ ጥቅሙ ከከተማዋ ጥቅም ጋር የተሰናሰለ ነው። የክፍለ ሀገር ከተማ በተቋም እንጂ በርካሽነት እንደማያድግ ከደልታዋ መንሱራ መማር ይቻላል፤ ሐኪሙ ሙሐመድ ጎኔም በመንሱራ ዩኒቨርሲቲ በ1983 ያቋቋሙት የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሕክምና ማዕከል ከካይሮ ውጭ ሆኖ ዓለም አቀፍ ስም ያተረፈው በዋጋው ርካሽነት ሳይሆን በሥራው ጥራት ነው። ሕመምተኛው ከዋና ከተማው ወደ ክፍለ ሀገር መጓዙ የተለመደው አቅጣጫ ሊገለበጥ እንደሚችል ያሳያል።

ይህ ሁሉ እንግዳ ወደ ሚንያ አይምጣ ማለት አይደለም። ዐረብኛ ተምሮ፣ የነዋሪነትና የግብር ግዴታውን በሕጉ መሠረት ፈጽሞ፣ ሙያውን ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አካፍሎ የሚኖር ሰው ለየትኛውም ከተማ ሀብት ነው። የሚነቀፈው ከተማን እንደ ቅናሽ ሱቅ የሚያይ አስተሳሰብና ይህንኑ እንደ ልማት የሚቆጥር ፖሊሲ ነው። የግብፅ መንግሥት ለርቀት ሥራ የሚያወጣው ገንዘብ ካለ እንግዳ ለመሳብ በሚደረግ ማስታወቂያ ላይ ከማዋሉ በፊት የቤት ኢንተርኔትን ኮታ ማስፋት፣ የመረቡን ማዕከላት ከካይሮ ወደ ክፍለ ሀገር መከፋፈልና የመኖሪያ ሰፈሮችን መብራት እንደ ቱሪስት ከተሞች ሁሉ መጠበቅ ይኖርበታል። ርካሽ ከተማ ፍለጋ የሚወጣ ሠራተኛም ከመነሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ለእሱ የረከሰው ነገር ለማን ተወደደ? ለዚህ መልስ ሳይኖረው የሚሄድ ሰው ሚንያ ቢቀመጥም ሚንያን አያውቃትም።